የቄሱ እጅ ጽሑፍ

መስከረም 11

በዓይን ለማላውቅዎ፣ ስለ እርስዎ ግን እየሰማሁ ላደግሁት ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ደጅዎ ይድረስ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎ፣ ወገብዎ፣ ያስቸግርዎታል ሲሉ የሰማሁት ጉልበትዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ልጄና ባሏም ደኅና ናቸው፤ ከሩቅ እጅ ነስተዋል።

ማን ናት ይቺ ብለው ግራ እንዳይገባዎ ራሴን ላስተዋውቅ። ቄሱ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቁ የእርስዎ አያት፣ ትንሹ የእኔ። እኔ የትንሹ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ልጇን ታቅፋ ባሕር የተሻገረችውና እዚያው የቀረችው። አክስቴ ከመሞቷ በፊት አድራሻዎን ሰጥታኝ፣ "መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ የቄሱ መዝገብ ያለበት ቤት ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ትፈልጊዋለሽ" ብላኝ ነበር። ያ ቀን ደረሰ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ታላቅ ወንድሜ ታሟል። እዚሁ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት እግሩ መንገድ ይስት ጀመር። ትከሻው ያለ ምክንያት ብድግ ይላል፣ ጣቶቹ የሌለ ነገር እንደሚለቅሙ ይንቀሳቀሳሉ። አለቃው "ጠጥተህ ነው የምትነዳው" ብሎ ቁልፉን ተቀበለው። ሚስቱም ያንኑ ብላ ጥላው ሄደች። ወንድሜ በዕድሜው አንድ ብርጭቆ ቀምሶ አያውቅም፤ እኛ ዘንድ መጠጥ ቤት እንደማይገባ እርስዎም ያውቃሉ። ግን ላልዋሽዎ፣ እኔም አንድ ቀን እሱ ሳይኖር ክፍሉን በርብሬ ጠርሙስ ፈልጌያለሁ። ፍራሹን ሳይቀር ገልብጬ። ምንም አልነበረም።

ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፤ "በዘር የሚወርድ በሽታ ይመስለኛል። ከሆነ፣ ከታመመ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እኩሌታ ነው። በደም ምርመራ አይገኝም። ያለኝ መመርመሪያ የቤተሰባችሁ ታሪክ ብቻ ነው።" አባታችን በሠላሳ አንድ ዓመቱ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ምን ይዞ እንደነበር ሳናይ። አያታችንን አላስታውሳቸውም። የማውቀው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ ቄሱ ሰክረው ጽዋውን አፍስሰው ከደብሩ ተባረሩ የሚባለውን። ይህን ስነግረው ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ሲጠጡ ማን አየ?" አለኝ።

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ካገባች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ልጅ ትፈልጋለች። አጎቷን ካየች ወዲህ ግን "ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልወልድም" ብላ ቁጭ አለች። እኔም አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስኒ ባነሣሁ ቁጥር ዓይኔ እጄ ላይ ነው። እፈራለሁ ጋሼ።

እባክዎ ከመዝገቡ ፈልገው ይንገሩኝ፤ ቄሱ ጠጪ ነበሩ ወይስ በሽተኛ? ሌላ ምንም አልለምንዎም።

የትንሹ ቤት ልጅ፣ እህትዎ


ጥቅምት 28

ለእህቴ፣ ለትንሹ ቤት ልጅ፤

ደብዳቤሽን በሰላም ያመጣልኝ አምላክ አንቺንም በሰላም ያቆይሽ። ጉልበቴን መጠየቅሽ ደስ አሰኘኝ። እዚህ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ደረጃ ስወጣ ራሱ ነው "አለሁ" የሚለው። ወንድምሽን እግዜር ይማረው። የአንቺንም ልብ ያሳርፈው።

ስለ ሥራዬ ስለሰማሽ ላጫውትሽ። የምውለው በመዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ መጭመቂያ፣ የሙጫ ድስት፣ መርፌና ወስፌ፣ በአንድ በኩል ብቻ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት። አይጥ የበላውን፣ ጥራዙ የተፈታውን መዝገብ ሁሉ ያወርዱልኛል። ከፎቅ መዝገብ ጠባቂዋ አለች። በስሟ የሚጠራት የለም፤ እትዬ ቁልፍ ነው የምንላት፣ ከወገቧ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ከእሷ ይከብዳል። እሷ ባለችበት ብዕር አይገባም፤ እርሳስ ብቻ። ቀለም የፈሰሰበት መዝገብ አይመለስም ትላለች። ጳጳስ ቢመጣ ኪሱን ታስፈትሸዋለች።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። የቄሱ ነገር የታወቀ ነው፤ ይጠጡ ነበር። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ እንደዚያ ነው የነገሩን። በዚህም የተነሣ አይደል ሁለታችንም ቤት ጠርሙስ የማይገባው? መቶ ዓመት የተኛን ሰው ቀስቅሰን ምን እናተርፋለን? ወንድምሽን ሌላ ሐኪም አሳዪው። ሐኪም ሲቸግረው ዘር ይቆጥራል።

ያም ሆኖ ባዶ እጅሽን አልሰድሽም። እንደ ዕድል የቄሱን መዝገብ አሁን ለመጠረዝ ፈትቼዋለሁ። የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ በአንድ ጥራዝ ነው፤ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ይጀምራል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ሕፃን፣ እያንዳንዱን ሙሽራ፣ እያንዳንዱን ሟች በገዛ እጃቸው ጽፈው ፈርመዋል። ጎረቤቴ ፎቶ አንሺ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ገጾች አንስቶልኝ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ፊደሉን እዪልኝ! መስመር ሳያሰምሩ እንዴት ቀጥ ይላል! የሁለቱ ልጆቻቸውም ጥምቀት አለበት። ለሌላ ሰው ልጅ "የእገሌ ልጅ" ብለው ይጽፋሉ፤ ለራሳቸው ሲሆን "ልጄ" ብለው ጽፈዋል። ሥርዓቱ አይፈቅድም ነበር። እኔን ያ ነገር አሳቀኝ፣ ቀጥሎም ደጋግሜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቀጭን የመጠረዣ መርፌ እዚህ የለም። ከዚያ ብታገኚ አንድ ደርዘን ላኪልኝ።

ያልተያየን ዘመድሽ፣ ጠራዡ


ኅዳር 30

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንዴት ከርመዋል? በሥራዎ ላይ ብርታቱን፣ በቤትዎ ውስጥ ሰላሙን ያብዛልዎ። መርፌዎቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ሻጩ "ለመጽሐፍ ነው ለጥርስ?" ብሎ ቀለደብኝ፣ ያን ያህል ቀጭን ናቸው።

ፎቶዎቹ ሲደርሱ ልጄና እኔ ሳህኑን ከጠረጴዛው አንስተን ደረደርናቸው። "ልጄ" የሚለውን ስታይ ልጄ ጣቷን አሳረፈችበት። ያ የተጠመቀው ሕፃን አያቴ ነው። በቤተሰባችን ስንሰማቸው የኖርነው ቄስ ሁሌ የሚንገዳገዱ ሰው ነበሩ፤ እንደዚህ ቀጥ ብለው ስናያቸው የመጀመሪያችን ነው።

ወደ ሐኪሙም ወስጄለት ነበር። ቋንቋችንን አያነብም፤ የሚያየው መስመሩን ብቻ ነው። በጣም ተደሰተ። "ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልመኝም" አለኝ። "የአንድ ሰው እጅ፣ ሃያ አራት ዓመት፣ ያውም ቀን ያለበት! ስሚኝ፤ የጠጪ እጅ ዛሬ ይበላሽና ነገ ይመለሳል። የዚህ በሽታ ከሆነ ግን እየከፋ ይሄዳል እንጂ አንድም ቀን አይመለስም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት አምጪልኝ።"

ስለዚህ ጋሼ፣ የቀሩትን ገጾች እለምንዎታለሁ። ያባረሯቸው ሰዎች ቃለ ጉባኤ ካለም እሱንም። ልጄ በየቀኑ የፖስታ ሣጥኑን ከፍታ ታያለች፤ ባሏ የሣጥኑን ቁልፍ ከእጇ ሲቀበላት አያለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እየፈራሁ ልጠይቅዎ። አክስቴ ስለ እርስዎ አባት ስታወራ "እሱም እንደ ቄሱ ሆኖ ሞተ" ስትል ሰምቼ ነበር። እንደ ቄሱ ማለቷ ምን ማለቷ ነው? ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ።

እህትዎ


የካቲት 3

ለእህቴ፤

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። መልስ ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጽሑፌም ካላማረሽ ብርዱ ነው፤ ምድር ቤቱ እጅ ያደነዝዛል።

የአምስት ተጨማሪ ዓመታት ገጾችና የመዝገቡ መጨረሻ ይኸውልሽ። መጨረሻው የቄሱ እጅ አይደለም፤ የተተካው ሰው ነው የጻፈው። የመሀሉን ዓመታት ውሃ በልቷቸዋል፤ አይነበቡም። ቃለ ጉባኤም አላገኘሁም። ለሐኪምሽ እንደዚያ ብለሽ ንገሪውና ነገሩን በዚህ እንዝጋው።

አባቴን ተይው።

የላክሻቸው መርፌዎች ለዚህ ሥራ አልሆኑም። ወፍራምና ዓይኑ ሰፋ ያለ ካገኘሽ ላኪልኝ። ካላገኘሽም ግድ የለም።

ጠራዡ


የካቲት 30

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታዬን አሳጥራለሁ፤ ያዘልኩት ነገር ከብዶኛል።

ውሃ በላቸው ያሉኝን ገጾች በተመለከተ። እኔ ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠብ ነው፤ ውሃ የነካውንና ያልነካውን ነገር ዓይኔን ጨፍኜም እለያለሁ። የላኩልኝ ፎቶ ገጽ 118 ላይ ቆሞ በገጽ 201 ይቀጥላል። በገጽ 201 ፎቶ በስተግራ የገጽ 200 ዳር በጣት ስፋት ያህል ይታያል። ወረቀቱ ደረቅ ነው። ፊደሎቹም አሉ፤ ያበጡና የተንጋደዱ ናቸው። ጋሼ፣ ሰማንያ ሁለት ገጽ አለዎት። ለምን ደበቁኝ?

የበለጠ የከበደኝን ግን አልነገርኩዎትም። ፖስታዎን ሳልከፍተው በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ነበር ይዤው የሄድኩት። ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። ፎቶዎቹን ገፋ ገፋ አደረገና አንድ ወረቀት አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብዙ አየው። ከዚያ "ይኸው! የፈለግሁት ይህንን ነው" አለኝ። "ቄሱ በስንተኛው ዓመታቸው ነው ይህን የጻፉት?"

በእጁ የያዘው የእርስዎን ደብዳቤ ነበር።

"ይህ የቄሱ አይደለም" አልኩት። "በዚህ ወር ዘመዴ የጻፈልኝ ነው።" ወረቀቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! 

ቤት ስገባ ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን አደረግኋቸው። በጥቅምት ቀጭን መርፌ ጠየቁኝ። በየካቲት ዓይኑ ሰፊ መርፌ። ጋሼ፣ ብርድ ነው አይበሉኝ።

አዝኜብዎታለሁም፣ አዝኜልዎታለሁም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ልጄ ግን ምን አጠፋች? ገጾቹን ይላኩልኝ።

እህትዎ


ሚያዝያ 5

ለጋሼ፤

በያሉበት ሰላም ይሁኑ። የውሃ ሽታ ሆኑብኝ። ታመው ይሆን፣ ተቀይመው ይሆን እያልኩ አምስት ሳምንት አሳለፍኩ።

ወንድሜ አሁን ምግብ ማላመጥ እያስቸገረው ነው። እኔ ነኝ የማጎርሰው። ልጄ ትናንት እንዲህ አለችኝ፤ "እማዬ፣ መልሱ ክፉ ቢሆንም ይምጣልኝ። ክፉውን ሰምቼ የማደርገውን አደርጋለሁ። እንዲህ ተንጠልጥዬ ግን መኖር አልችልም።"

ደፍሬ ተናግሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ልመናዬን ግን አልመልስም።

እህትዎ


ግንቦት 9

ለእህቴ፣ ለልጅሽና ለታመመው ወንድሜ፤

አምላክ ለሁላችሁም ብርታቱን ያድላችሁ። ይህን የምትጽፍልኝ እትዬ ቁልፍ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ በእርሳስ ትጽፋለች። ፊደሉ ያማረው ለዚህ ነው። የጥቅምቱን ደብዳቤ አራት ቀን ፈጅቼ ነበር የጻፍኩት፤ በየካቲት ግን አራት ቀንም አልበቃኝ።

ገጾቹን ውሃ አልበላቸውም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እግሬ ሥር ነበሩ፤ ከጠረጴዛዬ በታች፣ ቆዳ ከማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ። ሰማንያ ሁለቱም ከዚህ ጋር ተልከውልሻል። ፎቶ አንሺው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያነሳ እትዬ ቁልፍ ከጎኑ አልተለየችም፤ እስትንፋሱን ሁሉ ቆጥራበታለች።

የሆነው እንዲህ ነው። ጠራዥ መጽሐፍ ሲፈታ የሚያየው አንባቢ የማያየውን ነው። የሃያ አራት ዓመቱ ወረቀት በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ዓመት ፊደሎቹ ከመስመር መዝለል ጀመሩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀለሙ ይንጠባጠባል። በሃያ ሁለተኛው የአንድ ሕፃን ስም ግማሽ ገጽ ይይዛል። የሐኪምሽ ቃል ሲደርሰኝ ገጽ በገጽ እንደገና ፈተሽኩ፤ እጃቸው የተመለሰበት አንድ ቀን ላገኝ። ምን ብዬ እንደፈለግሁ ታውቂያለሽ? ሰካራም ይሁኑልኝ ብዬ። ጸልዬበታለሁ። አንድም ቀን አልተመለሰም።

ቃለ ጉባኤውም አለ፤ ሦስት ገጽ ነው። ክሱ በሕዝብ ፊት ሦስት ጊዜ ወደቁ፣ ጽዋውም ከእጃቸው ፈሰሰ ይላል። ደወል ደዋዩ ለምስክርነት ቀርቦ፣ "ቤታቸውን፣ ሣጥናቸውን፣ የደወሉን ቤት ጭምር ፈትሼ ጠርሙስ አላገኘሁም" ብሏል። ጉባኤው "ደብቀውት ይሆናል" ብሎ አለፈው። ከዚያ ቄሱ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ወንድሞቼ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ተነሡና አፌን አሽትቱ።" ጸሐፊው ከሥሩ "ማንም አልተነሣም" ብሎ ጽፎ መዝገቡን ዘጋው።

እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ወጣሁ። ለሦስት ቀን አልተመለስኩም፤ በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም።

አሁን ስለ አባቴ ልንገርሽ። አናጢ ነበር። መጋዝ ከእጁ መውደቅ ሲጀምር እናቴ ጠርሙስ ፍለጋ ገባች። ከአልጋ ሥር ፈለገች፣ ከጣሪያ ሥር ፈለገች፣ የመጋዝ ብናኙን ሳይቀር በወንፊት ነፋችው። ሲጠፋባት "እንዴት ያለ ተንኮለኛ ጠጪ ነው" አለች። ያደግነው በቄሱ ታሪክ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚንገዳገድ ሰው ሌላ ስም አልነበረውም። አያቴም ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሲሞት ሰክሮ ነው አሉ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አባቴ በሩን ተደግፎ ቆሞ ጠበቀኝ። "ልጄ፣ አንተ እንኳ ና አፌን አሽትት" አለኝ። "አታፍርም?" አልኩትና በጎኑ አልፌው ገባሁ። በሳምንቱ አልጋውን ከቤት ወደ ጓሮው ዕቃ ቤት አወጣንለት። አራት ዓመት ኖረበት። ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ አንኳኩቼ እመለስ ነበር። እዚያው ሞተ።

እንግዲህ ቄሱ ታመው ከሆነ አባቴም ታሞ ነበር። ያንን ከማወቅ ቄሱ ሰካራም ሆነው ቢቀሩ መረጥኩ። የሞተው ሰው አይጎዳ፣ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ልሙት አልኩ። የልጅሽን ጥያቄ ያፈንኩት ለዚህ ነው፤ ለራሴ ስል። ይቅር በይኝ፤ ካልሆነልሽም እረዳሻለሁ።

መልስሽን ሳላድበሰብስ ልስጥሽ። አዎ፣ በሽታ ነው፤ በደማችን ውስጥ አለ። ቄሱ፣ አያቴ፣ አባቴ፣ አሁን እኔ። በእናንተም ቤት ወንድምሽ። ይህን እንዳለ ለሐኪሙ አንብቢለት። ለልጅሽም ሳታለዝቢ ንገሪያት፤ ደግሞም ሐኪሙ እኩሌታ ነው ያለው፣ ሙሉውን አላለም። አንቺ ካልያዝሽው እሷም አትይዘውም። እኔ ልጅ የለኝም፤ የሰካራም ዘር ነኝ ብዬ ሳላገባ ቀረሁ። እሷ ግን የምትወስነውን ዓይኗን ከፍታ ትወስን።

ለወንድምሽ ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ። ጠርሙስ ያልተገኘው ጠርሙስ ስለሌለ ነው በይው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይህን ይበለው።

መርፌ አትላኪ። የቄሱ መጽሐፍ አራት እጥፍ ወረቀት ሳይሰፋ ቀርቶበት ነበር፤ እኔ እየነገርኳት እትዬ ቁልፍ እየሰፋችው ነው። አሰፋፏ ያስለቅሳል፣ ግን ይይዛል።

ዘመድሽ፣ ጠራዡ

ከዚህ በታች ያለው የእኔ የመዝገብ ጠባቂዋ ነው፤ እሱ እንድጽፍ አላዘዘኝም።

እመቤቴ፣ ከሩቅ ሰላም እላለሁ። ከላይ ያለው ፊርማ የራሱ ነው፤ እርሳሱን በሁለት እጁ ይዞ ነው የፈረመው። የአባቱን ነገር ሲነግረኝ "አፌን አሽትት" የሚለውን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የጨረሰው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሲንገዳገድ እያየሁት፣ እኔም በልቤ ሌላ ነገር እል ነበር። አንድ ጊዜ ምሳ ሲወጣ መሳቢያውን ከፍቼበታለሁ። ለእሱም ዛሬ ነግሬዋለሁ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ በመዝገብ ላይ አንድ ፊደል ጨምሬ አላውቅም፤ ዛሬም አልጨመርኩም። ግን በቁራጭ ወረቀት በእርሳስ የሚከተለውን ጽፌ ከቃለ ጉባኤው፣ "ማንም አልተነሣም" ከሚለው ገጽ መሀል አስገብቼዋለሁ። ግልባጩን ለእናንተ ልኬአለሁ።

"ግንቦት 9፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በምድር ቤቱ። የቄሱ የልጅ ልጅ ልጅ ተቀምጦ ሳለ እኔ ተነሣሁ። አጎንብሼ አፉን አሸተትኩ። ሙጫ ሙጫ ይላል።"